የሞገድ ቃርሚያ

ዘማርያም ምሳ ቀርቦለት እንኳ ዓይኑ ከመስኮቱ አይነቀልም ነበር። ካርቱም ውስጥ፣ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር ከሚኖሩበት ግቢ ጀርባ፣ አንድ ሕንጻ ጣሪያ ላይ የቆመ የስልክ ማማ አለ፤ እሱን ሲያይ ወጡ ይቀዘቅዝበታል።

«ምን አለው እሱ ብረት?» ትለዋለች እናቱ በቀለች።

«ያባክናል፣ እማዬ። ቀን ከሌት ሞገድ ይረጫል፤ ሰው በስልኩ የሚጠቀምባት ከዚያ ውስጥ ቅንጣት ናት። የቀረው ግድግዳ ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ አንቺም ላይ ፈስሶ ይቀራል። እኔ እሱን ነው መቃረም የምፈልገው።»

በቀለች የጎጃም ገበሬ ልጅ ናትና ቃርሚያን ታውቃለች፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የወዳደቀውን ዘለላ ጎንበስ ብለው የሚለቅሙትን ሴቶች ታስታውሳለች። ልጇ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ ቃራሚ መሆኑ ግን አይዋጥላትም። በደርግ መጨረሻ በመተማ በኩል አዝላው ካርቱም የገባች፣ ቅመምና የሐበሻ ቀሚስ እየሸጠች ዩኒቨርሲቲ ያስገባችው አንድ ልጇ ነው።

እሱ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል ባለች ወርክሾፕ፣ በስስ ላስቲክ ላይ ከጸጉር የቀጠነ መዳብ እየቀረጸ አንቴና ይሠራል። አንቴናው አየር ላይ የተበተነውን ሞገድ ይይዛል፤ የተያዘው በአንዲት ኢምንት ዲዮድ ተቃንቶ በጥቂት በጥቂቱ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ መሣሪያዋ አንዲት አጭር ምልክት ትልክና ባዶዋን እንደገና መቃረም ትጀምራለች። ባትሪ የላት፣ ሽቦ የላት። ማማው ቅርብ ሲሆን ምልክቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ማማው ሲርቅ ወይም ሲደክም ይዘገያል። በመቀበያ ሲያዳምጡት «ጢቅ» የምትል ድምፅ ናት። ለዘማርያም ከእሷ የሚጥም ድምፅ አልነበረም።

ወርክሾፑ የሐጅ ሳሊህ ነው። ሐጅ ሳሊህ መድኃኒት አስመጪ ነው፤ እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባል ሰፈር ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ አለው፤ ሲናደድም ሲስቅም ድምፁን ከፍ አያደርግም። መጀመሪያ የፈለገው ወደ ገጠር በሚላኩ የመድኃኒት ሳጥኖች ላይ የሚለጠፍ፣ ሙቀት እየለካ የሚናገር ነገር ነበር። እሱ ከተሳካ በኋላ አንድ ቀን ወርክሾፕ መጥቶ፣ ሻዩን እያማሰለ፣

«ባሽሙሀንዲስ፣ ሳጥን ላይ ይሠራል። ሰው ላይስ?» አለው።

«ሰው ያስቸግራል፣ ሐጅ። ሰውነት ውሃ ነው፤ ሞገዱን ይውጠዋል።»

«እንግዲያው እንዳይውጠው አድርግ። ገበያው ያለው እዚያ ነው።»

ዘማርያም ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተው። በመዳቡና በገላው መካከል ወፍራም ሱፍ አስገባ። አራት ማዕዘን የነበረውን ቅርጽ አስረዝሞ እንደ እባብ አጠማዘዘው። በራሱ ላይ እየሞከረ ብዙ ርቆ ሄደ፤ ነገር ግን እሱ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ነው። የሚያጎነብስ፣ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ፣ ላቡ የሚንቆረቆር ሰው ያስፈልገው ነበር። በመጨረሻ አንቴናው እንደ መቀነት ወገብ ላይ ቢጠመጠም እንደሚሻል ደረሰበት። ወገቧን የምታስር ሰው ደግሞ አላጣም።

ለምለም የእናቱ የሟች ወንድም ልጅ ናት። ከአገሯ ስትመጣ «ሐጅ ደግ ሰው ነው» ብሎ እዚያ ቪላ ያስቀጠራት ራሱ ዘማርያም ነው። ጀዋዟን፣ ፓስፖርቷን፣ የሐጅ ሚስት ኒዕማ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ ነበርና ማንም አላነሳውም።

«ልጅቱ እኛ ስንወጣ ትወጣለች መሰለኝ» አለ ሐጅ ሳሊህ። «ኒዕማ ሰላም አጥታለች። በእሷ ላይ ሞክረው። አንተ ሙከራህን ታገኛለህ፤ እኔም በሬን ማን እንደሚያልፍበት አውቃለሁ።»

ዘማርያም ብርጭቆውን አስቀምጦ ጥቂት አመነታ። ከዚያ «ማፊ ሙሽኪላ» አለ፤ ችግር የለም።

መቀነቱን ሊያስርላት የሄደ ቀን ለምለም ቪላው ኩሽና ውስጥ ዓሣ ትጠብስ ነበር። እጇን አደራርቃ መቀነቱን እያገላበጠች አየችውና ሳቀች።

«ዘሙ፣ ምንድን ነው ይሄ? እንደ ታቦት የምትጠነቀቅለት!»

«ብትጠፊ የምናገኝሽ በዚህ ነው።»

«የት ሄጄ እጠፋለሁ? ዳቦ ልገዛ እንኳ የምወጣው ተፈቅዶልኝ።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን አታውልቂው። ስትተኚም።»

«እሺ» አለች። ታላቋ ነው፣ የተማረ ነው፣ አክስቷ በሄደችበት ሁሉ ስለ እሱ ታወራለች። ለምን ብላ ትጠይቀው?

መቀበያው በሩ ላይ ከተገጠመ ብዙም አልቆየ፣ አንድ ዓርብ ቤተሰቡ ለግብዣ ሲወጣ ለምለም ማዕዘኑ ላይ ካሉት የአገሯ ልጆች ጋር ልታወራ ወጣ አለች። መቀበያው መውጣቷንም መግባቷንም ነገራቸው። ኒዕማ በጥፊ አጮለቻትና ስልኳን ነጠቀቻት። ዘማርያም ሊያያት በመጣ ጊዜ ፊቷ አላበጠም ነበር፤ ዓይኗ ግን አብጧል።

«ነገረብኝኮ!» አለችው። «ያንተ መቀነት ነገረብኝ!»

«የት ጋ ነበርሽ?»

«ምን?»

«ከበሩ ምን ያህል ርቀሽ ነበር? ማዶ ያለው ኒም ዛፍ ጋ ነው ወይስ ከዚያ አልፈሽ?»

ለምለም «ኒሙ ጋ» አለችና ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች። ዘማርያም እስከዚያ ድረስ ይሰማል ብሎ አልጠበቀም ነበር። እየተፍለቀለቀ ወደ ባሕሪ ሄደ፤ የተሳፈረበት የረክሻ ባጃጅ ነጂ ምን አግኝተህ ነው ብሎ ጠየቀው።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ የፈነዳው ረመዳን ሊፈታ ቀናት ሲቀሩት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ነጎድጓድ መሰለው፤ ከዚያ አውሮፕላኖቹ መጡ። ድልድዮቹ ተዘጉ፤ ባሕሪ ካለው ወርክሾፕ ዘማርያም እጅ የቀረው ቦርሳው ውስጥ የነበረው የክብሪት ቀፎ የምታህል መቀበያ ብቻ ነው። በማግስቱ መብራት ጠፋ፣ ቀጥሎ ውሃ።

ሐጅ ሳሊህ ቤተሰቡን በሁለት መኪና ጭኖ ወደ ፖርት ሱዳን ሲነሳ ለለምለም መቀመጫ አልነበረም። ምንጣፎቹና ቴሌቪዥኑ ተጭነዋል። መንገድ ላይ ሆኖ ለዘማርያም ደወለለት።

«ዱቄት አለ፣ ሩዝ አለ፣ ጣሪያው ላይ በርሜል ሙሉ ውሃ አለ። ሰው ያለበትን ቤት ሌባ አይደፍረውም። በሩን በውጭ በኩል በሰንሰለት አስሬዋለሁ፤ ለእሷው ደኅንነት ነው። ሳምንት ቢሆን ነው፣ ኢንሻላህ።»

«እሺ፣ ሐጅ» አለ ዘማርያም።

በቀለች ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ሰው ላይ ቆልፎ? የወንድሜን ልጅ? ሂድ! ሄደህ ስበረው!»

ሄደ። ከጀሪፍ እስከ ሪያድ በእግር ሩቅ አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን በየማዕዘኑ ታጣቂ ነበር። እንደ ሱዳኖቹ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ መቀበያውን ሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ፣ ድምፁን ሰው እንዳይሰማው ሁለት ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ወትፎ በጥምጣሙ ሸፈነው። ሬዲዮ ነገር ይዞ የተገኘ ሰላይ ይባላል፤ ሰላይ የተባለ ደግሞ ለጥያቄ አይቆይም። ኒሙ ዛፍ ሥር ደረሰ። ጢቅ። ጢቅ። ጢቅ። ድምፁ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ እየተራመደች ነው ማለት ነው። ከቪላው ማዶ ሦስት ታጣቂዎች መኪና ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጡ ነበር። ሲያንኳኳ ቢያዩትስ? ቢጠሩትስ? ዞሮ ተመለሰ።

«አለች፣ እማዬ። ሰማኋት።»

«ምን አለችህ?»

«አላናገርኳትም። ምልክቱን ነው የሰማሁት። ደኅና ናት።»

«ልጄ፣ እዚያ ድረስ ሄደህ በሩን ሳታንኳኳ ተመለስክ?»

«ታጣቂዎች ነበሩ!» ብሎ ጮኸባት። እናቱ ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ ማማዎቹ እየደከሙ ነበር። ጄኔሬተሮቻቸው ነዳጅ ጨርሰዋል፤ ስልክ የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው። መቀነቱም አልፎ አልፎ ብቻ ጢቅ ይላል፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ሰው ብዙ ሊያስብ ይችላል። ዘማርያም ያሰበው ይህን ነው፦ ይህችን ታህል ሞገድ ብቻ እየቃረመ አሁንም ይሠራል! የትኛው ማማ ጠፍቶ የትኛው እንደቀረ በልቡ እያሰላ ቆመ። የደረቱ ማበጥ ከፍርሃቱ ይልቅ በረታና ወደ በሩ ጠጋ አለ፤ ሰንሰለቱን ነካው። ያኔ አንዱ ታጣቂ ከኋላው መጥቶ በሰደፍ ትከሻውን አለው። መሬት ላይ ወድቆ በዓረብኛ ለመነ፤ ሱዳን ያደገ ስለሆነ አፉ አልከዳውም፤ ለቀቁት። ትከሻው ለብዙ ጊዜ አልተነሳለትም።

ሦስተኛው ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው። በቀለች ያለ ለምለም አልሄድም ብላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲወጣ እነሱ ቀርተዋል። በድንበሩ መንገድ ወዳለችው ገዳሪፍ የሚነሳ የመጨረሻ አውቶቡስ አለ ተባለ። ዘማርያም በማለዳ ሄደ። ሰፈሩ ያለ ወትሮው ጸጥ ብሏል፤ መኪናው የለም፣ ታጣቂዎቹ የሉም። ኒሙ ሥር ቆሞ መቀበያውን ደረቱ ላይ ያዘ።

ምንም የለም። ብዙ ጠበቀ፤ ምንም የለም።

ስልኩን አውጥቶ አየ። ኔትወርክ የለም። ቀና ብሎ ሲያይ የዚያ ሰፈር ማማ የቆመበት ሕንጻ ጣሪያው በመድፍ ተገምሷል። ያኔ ያወቀውን አወቀ። ማማ ከሌለ ቃርሚያ የለም፤ ቃርሚያ ከሌለ መቀነቱ የሞተ ጨርቅ ነው። ለምለም ወጥታም ቢሆን፣ እዚያው ውስጥ ተቀምጣም ቢሆን፣ መቀበያው ዝም ነው የሚለው። ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር በነበረበት ጊዜ ለተማሪዎቹ ይህንኑ ደጋግሞ ነግሯቸዋል፦ ዝምታ መልስ አይደለም። አሁን ግን ትከሻው ይጠዘጥዘዋል፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፣ ሰንሰለቱም እዚያው ተንጠልጥሏል። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ሄደ፤ ማዳመጫውን ከጆሮው ያወጣው ጀሪፍ ሊደርስ ሲል ነው።

«ወጥታለች፣ እማዬ» አለ። «ምልክቱ የለም። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሄዳለች።»

በቀለች ዓይን ዓይኑን አየችው። «እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ ነኝኮ የሠራሁት!»

እሷ የማታውቀው ነገር ነበርና አመነችው። ሻንጣዋን አነሳች።

መተማ እስኪደርሱ የሆነው ብዙ ነው፤ እሱን ሌላ ሰው ይንገረው። መተማ ገብተው አንድ ክፍል ከተከራዩ በኋላ በቀለች በየቀኑ የጭነት መኪኖቹ ሰው የሚያራግፉበት ቦታ ሄዳ ትቆም ጀመር። ለምለም ቀድማ ከወጣች ቀድማ መድረስ ነበረባት። አልደረሰችም። እናትየው የወረደውን ሁሉ «ከሪያድ የመጣ አለ? ለምለም የምትባል ልጅ?» እያለች ትጠይቃለች፤ ዘማርያም ደግሞ «በሌላ መንገድ ሄዳ ይሆናል» ይላታል፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱም ማመን ጀመረ።

ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን፣ ከአንድ መኪና ላይ አንድ ጎልማሳ አንዲት ሴት አዝሎ ወረደ። በቀለች መጀመሪያ አላወቀቻትም። ፊቷ ከስቶ ጥርሷ ብቻ ቀርቷል፤ ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ወደ ውስጥ ዞሯል።

«አክስቴ» አለች የታዘለችው።

በቀለች ጭቃው ላይ ወድቃ ጮኸች፣ እግሯን ያዘች፣ መሬቱን ሳመች። ሰው ተሰበሰበ። ዘማርያም ከሻይ ቤት ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ ለምለምን አየ፤ አፉን ከፈተ። የወጣው ቃል ግን ይህ ነው፦

«መቀነቱስ?»

የሰማ ሁሉ ዞሮ አየው።

«እግሬን አሰሩልኝ በእሱ» አለች ለምለም። «ሲሸት ጣልነው።»

ቤት ገብተው ውሃ ከቀመሰች በኋላ ተናገረች። አላለቀሰችም፤ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ነው የምታወራው።

«ሩዙ ሲያልቅ ዱቄቱን በጥሬው በውሃ በጠበጥኩት። መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ ነው። ጣሪያ ላይ እወጣ ነበር፤ መዝለል ግን ፈራሁ። ዘሙ ይመጣል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ብትጠፊ እናገኝሻለን ብሎኝ አልነበር?» ወደ ዘማርያም አላየችም። «መጣም። ያን ቀን ተኩስ አልነበረም፤ ወፍ ይሰማ ነበር። ከልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት አየሁት፤ ኒሙ ሥር። ዘሙ! አልኩ። ዘሙ፣ እዚህ ነኝ! ሻሼን በፍርግርጉ አውጥቼ አወዛወዝኩ። እሱ ደረቱን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ድስት አንስቼ ብረቱን ቀጠቀጥኩት። አክስቴ፣ እርስዎና እኔ አሁን ካለንበት እስከዚያ አጥር ድረስ ቢሆን ነው። ምን ሆኖ ነው የማይሰማኝ አልኩ።»

«ማዳመጫ ነበር» አለ ዘማርያም። «ጆሮዬ ውስጥ ማዳመጫ ነበር። ምልክቱን እያዳመጥኩ ነበር።»

«የምንን ምልክት?» አለች በቀለች።

«የእሷን» አለ።

ለምለም ቀጠለች። «ሲዞር ጊዜ ጣሪያ ላይ ሮጬ ወጣሁና ወደ ጎረቤቱ ግቢ ዘለልኩ፤ መንገድ ላይ እደርስበታለሁ ብዬ። እግሬ ተሰበረ። እዚያው ስጮህ ቆየሁ፤ ታጣቂዎቹ ሲመለሱ ሰሙኝ።»

እዚህ ላይ አቆመች። የቀረውን የተናገረው አዝሏት የመጣው አንዱዓለም ነው። አንዱዓለም ካርቱም ውስጥ በቀን ሥራ የሚኖር የወሎ ሰው ነው፤ ታጣቂዎቹ ከየቤቱ የዘረፉትን ዕቃ እንዲሸከም ይዘውት ነበር። ለምለምን ያገኛት በዚያው ጎረቤት ቪላ የዘበኛ ክፍል ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ ነው። እነሱ ሲሰለቻቸው «ውሰዳት» አሉት። በካሮ፣ በአህያ ጋሪ ጭኖ፣ ከላይ የአሮጌ ምንጣፍ ጥቅል አልብሶ ከከተማ አወጣት።

«ስሟን እንኳ የነገረችኝ ገዳሪፍ ከደረስን በኋላ ነው፣ እናቴ» አለ አንዱዓለም።

ዘማርያም ለማስረዳት ሞከረ። ማማው እንደተመታ፣ ያለ ማማ መቀነቱ መናገር እንደማይችል፣ ጥፋቱ የመሣሪያው እንዳልሆነ ተናገረ። በእጁ አየር ላይ እየሳለ ነበር። በቀለች እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ማማው መመታቱን ያን ቀን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ ነው ወጥታለች ያልከኝ?»

ዘማርያም ትከሻውን ዳሰሰ። «አውቶቡሱ ሊሄድ ነበር፣ እማዬ። አንቺን ለማትረፍ ነው።»

በቀለች ተነሳችና የለምለምን እግር በሞቀ ውሃ ማጠብ ጀመረች። በዚያ ሳምንት ልጇን ለምግብ አልጠራችውም፤ የቀረበውን ይበላል፣ ያልቀረበውን አይጠይቅም። ወደ ጎንደር መኪና ሲገኝ ለምለምን መሃል አድርገው እሷና አንዱዓለም ግራና ቀኝ ተሳፈሩ። ዘማርያም ሻንጣውን ይዞ ወደ መኪናው ሲጠጋ እናቱ በሩን ከውስጥ ሳበችው።

«አንተ እዚህ ቆይ» አለችው። «ሥራ አለህ።»

ሥራማ ነበረው። ሐጅ ሳሊህ ፖርት ሱዳን ውስጥ አዲስ ወርክሾፕ ከፍቶ በሰው በሰው ሲያፈላልገው ነበር። ዘማርያም መስከረም ላይ ድንበሩን መልሶ ተሻግሮ እዚያ ደረሰ። ባሕሩ ዳር፣ ከመጋዘን ኋላ፣ ነጭ ጠረጴዛና አዲስ መሣሪያ ያለው ክፍል ነው፤ ማማዎቹም በዙሪያው ሞልተዋል። ሐጅ ሳሊህ አቅፎ ሳመው፣ ስለ እናቱ ጠየቀው፣ ሻይ አስመጣለት። ከዚያ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ እንዲህ አለ፦

«ቤቴን አራቁተውታል አሉ። ያቺ ዘመድህ ጥላው ሄዳለች። አደራ ብያት ነበር፤ ለጥቂት ቀን እንኳ አልጠበቀችም። በሩን ለሌባ የከፈተችውም እሷ ሳትሆን አትቀርም ትላለች ኒዕማ። ሐበሻ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ዘማርያም ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። ሻዩ ስኳሩ የበዛ ነበር።

«ማዕለሽ፣ ሐጅ» አለ። ይቅርታ ማለት ነው።

«ኸላስ፣ ያለፈ አልፏል» አለ ሐጅ ሳሊህ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። ዘማርያም ሻዩን ጨረሰና የመብራቱን ማብሪያ እየፈለገ ወደ ጠረጴዛው ሄደ።